«እኛ ጋ አይሠራም» ሲሏችሁ፦ የሮቦት ፕሮጀክት ማጋራት፣ ችግርና መፍትሄ

ከጎንደር የተጋራ የሮቦት ፕሮጀክት ናይሮቢ ወይም ሙኒክ ሲደርስ እምቢ የሚለው ባብዛኛው አብሮት ሳይጻፍ በቀረ ነገር ነው። ስለዚህ ቅሬታ ሲመጣ ኮዱን ማፍረስ አይጀምሩ፤ ምልክቱን ይዩ።

ፋይሉ እየተጫነ ይቋረጣል፣ ወይም ጨርሶ አይገባም

መብራትና ኔትወርክ የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ መጀመሪያ ግን መጠኑን ይዩ። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የካሜራ ቅጂ ነው። 640 በ480 የሆነ ባለቀለም ምስል ሳይታመቅ 921,600 ባይት ይይዛል። በሰከንድ 30 ምስል ሲቀዳ 27.6 ሜጋባይት ይሆናል፤ አንድ ደቂቃ ከ1.6 ጊጋባይት ያልፋል። ኮድ የሚጋራበት ድረ ገጽ ጊትሃብ ደግሞ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ በብሮውዘር ከጫኑ ጣሪያው 25 ነው።

ሁሉንም ቶፒክ (ሮቦቱ መረጃ የሚያስተላልፍባቸውን መስመሮች) አይቅዱ። የሚያስፈልገውን ብቻ ይምረጡ፤ ምስል ከሆነ የታመቀውን ቶፒክ። ለናሙና 10 ሰከንድ ይበቃል። ሙሉው የግድ ከሆነ በ90 ሜጋባይት ቆራርጠው፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ የሻ-256 ቁጥር (ፋይሉ ሳይለወጥ መድረሱን የሚያሳይ አሻራ) ጽፈው ይላኩ። መብራት ቢጠፋ የሚደገመው አንዱ ቁራጭ ብቻ ነው።

ብዙዎችን የሚያደናግር ወጥመድ አለ። ትልቁን ፋይል ኮሚት ካደረጉ (በፕሮጀክቱ ታሪክ ከመዘገቡ) በኋላ በሚቀጥለው ኮሚት ቢያጠፉትም ፑሹ (ወደ ጊትሃብ መላኩ) መልሶ ይከለከላል፤ ፋይሉ በታሪኩ ውስጥ አለና። ገና ያልተላኩትን ኮሚቶች በሶፍት ሪሴት (ፋይሎቹን ሳይነካ ኮሚቱን ብቻ በሚሽር ትእዛዝ) ይመልሱ፣ ፋይሉን ያውጡ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ኮሚት ያድርጉ።

ኮዱ ቢልድ አያደርግም (ወደሚሠራ ፕሮግራም አይቀየርም)፤ ወይም ሮቦቱ አርቪዝ (የሮቦት ማሳያ ፕሮግራም) ላይ አካል የለውም

ቨርዥኑን ሆድ ይፍጀው ብሎ ኮዱን ብቻ መጫን የተለመደ ነው። የሮቦት ሶፍትዌር መሠረት የሆነው ሮስ 2፣ ሃምብል የተባለው እትሙ ከኡቡንቱ 22.04 ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ጃዚ የተባለው ከ24.04 ጋር ነው የሚሄደው። በቀድሞው ሮስ 1 ኖየቲክ ላይ የተሠራ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ይጻፉ፤ ድጋፉ በግንቦት 2017 ዓ.ም. አብቅቷል።

አካሉ ከጠፋ ደግሞ የቅርጽ ፋይሎቹ አድራሻ የእርስዎን ፎልደር ይዞ ቀርቷል ማለት ነው። አድራሻው ከፓኬጁ ስም እንዲጀምር ያድርጉ። ለማረጋገጥ እዚያው ላፕቶፕ ላይ አዲስ ተጠቃሚ ይክፈቱና የጻፉትን መመሪያ ብቻ ተከትለው ከባዶ ያስነሱት። አንዲት ትእዛዝ ከራስዎ ከጨመሩ መመሪያው ጎዶሎ ነው።

በ3ዲ ፕሪንተር የታተመው ክፍል መጠኑ ተዛብቷል

ኤስቲኤል (ለ3ዲ ሕትመት የሚላከው የቅርጽ ፋይል) መለኪያውን አይናገርም፤ ቁጥር ብቻ ነው። በኢንች የተሳለው እንደ ሚሊሜትር ሲነበብ 25.4 ጊዜ ያንሳል። ዩአርዲኤፍ (የሮቦቱን አካል የሚገልጸው ፋይል) በሜትር ስለሚያነብ በሚሊሜትር የተሳለ ጎማ 1,000 እጥፍ ይገዝፋል፤ እዚያ ስኬሉን 0.001 ያድርጉ። መለኪያውን የሚይዘውን የስቴፕ ፋይልም አያይዙ፣ በካሊፐር የለኩትን አንድ ልክ ይጻፉ፤ ለምሳሌ የሞተሩን ዘንግ ቀዳዳ።

ከሌላ አገር የወሰዱት ድሮን እዚህ አልነሳም ይላል

ጎንደር ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፕሮፔለሩ በዚያው ፍጥነት ቢዞር የማንሳት አቅሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ጭነት ይቀንሱ፣ ወይም ሰፋ ያለ ፕሮፔለር አድርገው ሞተሩ የሚስበውን አምፔር ይለኩ። የራስዎን ሲያጋሩም ከፍታውን፣ ጠቅላላ ክብደቱንና የፕሮፔለሩን ልክ ይጻፉ፤ አዳማ ያለውም ሰው ያስፈልገዋል።

ቀንና ሰዓቱ ግራ ያጋባል

የፋይል ስም ላይ «2017» ብለው ከተዉት የውጭ አንባቢ ከእውነተኛው ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀድሞ የተቀዳ ይመስለዋል። ስብሰባ «በ8 ሰዓት» ካሉት ደግሞ ጠዋት ይጠብቅዎታል። የፋይል ስም በፈረንጆቹ ዓመት፣ ወርና ቀን፣ ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ይሁን፦ የጎንደር ከቀኑ 8 ሰዓት 11:00 ዩቲሲ ነው።

ያዩታል፣ ማንም አይጠቀምበትም

ፈቃድ የለውም። የፈቃድ ፋይል የሌለው ኮድ መብቱ ሙሉ በሙሉ የባለቤቱ ስለሆነ ጠንቃቃ ተመራማሪ አይነካውም። ኤምአይቲ ወይም አፓቼ 2.0 የተባለውን ነፃ ፈቃድ ይጨምሩ፤ ከዚያ በፊት ግን አብረው የሠሩትን ይጠይቁ።