በስፖርት መኪና ወደ አርክቲክ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር አሽከርካሪ የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ስዊድን፣ ወደ ኖርዌይ ወይም ወደ ፊንላንድ ለሚሄድ፣ መሪ መያዝም ለሚወድ የድሬዳዋ ወይም የሐረር ሰው ነው። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በፔጆ 404 ሥር ተኝቼ ሙያ የተማርኩ ሰው ነኝ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በእርሱ ፖርሽ 911 ከስዊድኗ ሉሌዮ ተነሥተን፣ በኪሩና፣ ከዚያም ኖርዌይ ውስጥ በናርቪክ፣ በትሮምሶና በአልታ አድርገን በኖርዌይ ሰሜናዊ ዳርቻ እስካለው ኖርድካፕ ከዘለቅን በኋላ በፊንላንድ፣ በኢናሪና በሮቫኒየሚ በኩል ተመልሰናል። ከዚያ ጉዞ የተረዳሁት፣ ስፖርት መኪናን በዚያ አገር የሚያስቸግረው የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ሆዱ ለመሬት መቅረቡና የጎማው ስፋት መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ ወቅቱን ይምረጡ። የእነርሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው፤ ሆኖም ወሩ ሁሉ እኩል አይደለም። በትሮምሶ ከኅዳር 18 ገደማ እስከ ጥር 7 ገደማ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም፤ እኩለ ቀን ላይ ጥቂት ሰዓት የሚቆይ ሰማያዊ ወጋገን ብቻ ይታያል። መንገዱን ለማያውቅ ሰው ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በረዶው አለ፣ ብርሃኑም በቂ ነው።

ቀጥሎ የጎማ ጉዳይ ይመጣል፤ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ እዚህ ላይ ይውጣ። የበጋ ጎማ (ለእነርሱ ሞቃት ወቅት የተሠራው) ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ ስፖርት መኪና ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ሰፊ ጎማ ደግሞ በረዶውን ሰንጥቆ ከመያዝ ይልቅ በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ አምራቹ ከፈቀዳቸው መጠኖች ጠባቡን፣ የፍሬኑን አካል ሳይነካ የሚገባውን ትንሹን ቸርኬ መርጠው ሚስማር ያለው የክረምት ጎማ በአራቱም እግር ያስገጥሙ። ብዙ ስፖርት መኪኖች የኋላ ጎማቸው ከፊቱ ስለሚሰፋ የክረምት ልኩ በቀላሉ አይገኝም፤ ከወራት በፊት ማዘዝ ያስፈልጋል። ሕጉም ቀልድ አያውቅም፦ በስዊድን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ የክረምት ጠባይ ካለው የክረምት ጎማ ግዴታ ሲሆን፣ ጥርሱም ከ3 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ በሰሜን ኖርዌይ ደግሞ ሚስማር ያለው ጎማ ከኦክቶበር 16 እስከ ኤፕሪል 30 ይፈቀዳል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር የጎማው ነፋስ በ0.1 ባር ገደማ ስለሚቀንስ፣ ጋራዥ ውስጥ በሙቀት የተለካ ጎማ ውጭ ሲያድር ጎድሎ ይገኛል፤ ጠዋት ጠዋት ይለኩት።

ሞተሩን በተመለከተ፣ በብርድ የማይወፍር ዜሮ ደብልዩ (0W የሚል የተጻፈበት) ዘይት፣ ግማሽ በግማሽ የተበጠበጠ የራዲያተር ፀረ ውርጭ (እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም) እና ለብርድ የተሠራ የመስታወት ማጠቢያ ያስፈልጋሉ። የደከመ ባትሪ ድሬዳዋ ላይ አንድ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ እዚያ ግን አንድ ሌሊት አይሻገርም፤ ስለዚህ ከጉዞው በፊት ይቀይሩት። በፊንላንድና በስዊድን ሰሜናዊ ከተሞች በመኪና ማቆሚያው ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት መገኘቱ የተለመደ ነው፤ መኪናው የሞተር ማሞቂያ ከተገጠመለት ማታ ይሰኩት።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ኪሩና የገባነው እርጥብ በረዶ ስንረግጥ ውለን ነበር። እኔም ከደንገጎ ዳገት ባመጣሁት ልማድ መኪናውን ሳቆም የእጅ ፍሬኑን እስከ ላይ ጎትቼው ገባሁ። ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ነበር፤ ሞተሩ ተነሣ፣ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ግን የኋላ ጎማዎቹ አልዞር ብለው መኪናው አልነቃነቅ አለ፤ ፍሬኑ ውስጥ የገባው ውኃ ረግቶ ሸራውን ከብረቱ ጋር አጣብቆት ነበር። ፍል ውኃ ላፈስ ስል ወንድሜ እጄን ያዘኝ፤ ውኃው ከደቂቃዎች በኋላ ይበልጥ ይረጋል፣ የቀዘቀዘውንም ብረት ሊሰነጥቀው ይችላል። ወደፊትና ወደኋላ በቀስታ እየወዘወዝን፣ ቸርኬውንም በጎማ መዶሻ እየነካን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለቀቀ። ስለዚህ መኪናው ሲቆም የእጅ ፍሬኑን ይተዉት፤ በእጅ ማርሽ ከሆነ በአንደኛ ወይም በኋላ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ በማቆሚያው ላይ አድርገው ይውጡ፤ ቦታውም ሜዳ ይሁን።

አነዳድን በሚመለከት አስቀድሞ በረዶን መለየት ይጠይቃል። በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውንም ከፍሪጅ የሚወጣውንም በረዶ ስለምንል ልዩነቱ አይታየንም። አዲስ የወረደው ዱቄት መሰሉ በረዶ መኪናውን ይይዘዋል፤ ተረግጦ የነጣው በሚስማር ጎማ በደህና ያስኬዳል፤ አስፋልቱን የሚያሳየው ስስ መስታወት መሰል በረዶ ግን አደገኛው ነው። ከሁሉ የሚያንሸራትተው ደግሞ ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ሲሆን ነው፤ በላዩ ላይ ቀጭን ውኃ ስለሚኖር፣ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ከሚገኘው በረዶ የባሰ ነው። ለእኔ ይህን ማመን ጊዜ ወስዶብኛል።

ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሾፌር ኩርባው ሳይደርስ ፍጥነት የመቀነስ ልማዱ እዚህም ይጠቅመዋል። ማርሽ በድንገት የመቀነሱን ልማድ ግን ይተወው፤ በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና በበረዶ ላይ እንዲህ ሲደረግ የኋላ ጎማው ተይዞ ጭራው ይወረወራል። ፖርሽ 911 ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ዳገት በደንብ ይወጣል፤ ነገር ግን ፊቱ ስለሚቀል ኩርባ በፍጥነት ከገቡበት መሪው እየዞረ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ደንግጠው ነዳጁን ሲለቁም ኋላው ይዞራል። ቀጥታው መንገድ ላይ ፍሬን ይዘው ይጨርሱና፣ ነዳጁን በስሱ እንደረገጡ ኩርባውን ይለፉ። የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን አያጥፉ፤ በረዶ ውስጥ ተቀርቅረው ጎማው መዞር ሲያስፈልገው ብቻ ነው የሚጠፋው። አራቱንም እግር የሚነዳ መኪና ያለዎት ቢሆንም እንኳ ለመነሣት እንጂ ለመቆም አይረዳዎትም።

በየጊዜው ወርደው የጎማውን ቤት ይመልከቱ። ከፓራውልቱና ከፓራፋንጎው ሥር የሚጠራቀመው በረዶ ይጠጥራል፤ ቸርኬ ውስጥ የገባውም መሪውን ያንቀጠቅጠዋል። እኛ ናርቪክ ስንደርስ የጎማ ሚዛን የተበላሸ መስሎን ጎሚስታ ፈልገን ነበር፤ በሽታው ግን በጣት የሚፈነቀል በረዶ ሆኖ ተገኘ። (ከኪሩና ወደ ናርቪክ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ የተገናኘው ባቡር ድሬዳዋ በደረሰበት በዚያው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሐዲድ ከተማ ልጅ ይህን ሳያነሣ አያልፍም።)

ሬይንዲር የሚባሉት የሰሜን አጋዘኖች እንደ ሽንሌ ግመል ባለቤት አላቸው፤ እንደ ግመሉም መንገድ ላይ ቆመው አይነቃነቁም። አንዱን ካዩ ሌሎች ይከተላሉ ብለው ያስቡ፤ ከገጩም ወደ 112 ይደውሉ። ኤልክ የሚባለው ግዙፉ እንስሳ የበለጠ ያስፈራል፤ እግሩ ረጅም ስለሆነ ዝቅ ያለ መኪና ሲመታው አካሉ በኮፈኑ ላይ አልፎ በቀጥታ የፊት መስታወቱ ላይ ይወድቃል። ምሽት ላይ ፍጥነት መቀነስ ግዴታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአልታ ኖርድካፕ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በ1999 እ.ኤ.አ. በተከፈተው፣ ከባሕር ወለል በታች እስከ 212 ሜትር በሚወርደው ዋሻ ያልፋል። የመጨረሻው 13 ኪሎ ሜትር በክረምት የሚታለፈው በተወሰነ ሰዓት፣ ከበረዶ ጠራጊው መኪና ኋላ በሰልፍ ብቻ ነው፤ አየሩ ከከፋ ይዘጋል። ከመነሣትዎ በፊት ወደ ኖርዌይ የመንገድ መረጃ ቁጥር 175 ደውለው ይጠይቁ፣ ነዳጁንም ይሙሉ፣ ወፍራም ልብስና አካፋ መኪናው ውስጥ ይኑር። ሰልፉ ውስጥ ከገቡ ከፊትዎ ያለውን መብራት አይጡት፤ አይዙሩ፤ ሰልፉ ቢቆም ከመኪናዎ አይውረዱ።

ሲመለሱ፣ በኖርዌይ ጠረፍ መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ብረት ስለሚበላ የመኪናውን ሆድ ቤት ውስጥ ባለ ሞቃት ማጠቢያ ያሳጥቡ። ከታጠበ በኋላ የበሮቹን ጎማ በጨርቅ አድርቀው ሲሊኮን ይቀቡት፤ እኛ ይህን ረስተን በማግሥቱ በበረዶ የተጣበቁትን የፖርሹን በሮች የከፈትነው በብዙ ትግል ነው።