ወደ ካውቦይ ልብወለዶቻችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ዓይናችሁን ታዩ

በወጣትነት የወደዳችኋቸውን የካውቦይ ልብወለዶች እንደገና ማንበብ ካማራችሁ፣ መጀመሪያ የዓይን ምርመራ አድርጉ። እነዚያ የኪስ መጻሕፍት ፊደላቸው ደቃቅ ነው፣ ወረቀቱም በጊዜ ብዛት ወይቧል። ሁለት ገጽ ሳትሄዱ ራሳችሁን ካመማችሁ ጥፋቱ የመጽሐፉ ላይሆን ይችላል። ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የዓይን ሌንስ እየጠጠረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለውን አጥርቶ ማየት ይከብዳል፤ መጽሐፉን ከፊታችሁ እያራቃችሁ የምታነቡ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። የማንበቢያ መነጽር ይፈታዋል።

ግን ዝም ብላችሁ መነጽር ገዝታችሁ ብቻ እንዳትተዉት። ግላኮማ የሚባለው በሽታ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ሕመም እይታን ከዳር ከዳር እየበላ ይሄዳል፣ የጠፋው ደግሞ አይመለስም፣ ስለዚህ «እኔ ደህና አያለሁ» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሐኪሙ የዓይን ግፊትን ይለካል፣ ከኋላ ያለውን ነርቭም ያያል። ስኳር ያለበት ሰው በየዓመቱ ይታይ። 65 ያለፈው ደግሞ በየአንድ ወይ ሁለት ዓመቱ። በዚያው የደም ግፊታችሁንም ተለኩ፣ እሱም ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚመጣው።

ለንባቡ ደግሞ አጭሩን፣ ታሪኩን በደንብ የምታስታውሱትን አስቀድሙ። ማን ማንን እንደሚተኩስ ስለምታውቁ ልባችሁ በሜዳውና በሰዎቹ ጠባይ ላይ ያርፋል (እኔ እንዲያውም ሁለተኛው ንባብ ይበልጥብኛል)። መብራቱ ከትከሻችሁ በስተኋላ ይምጣ፣ ፊት ለፊት ከሆነ ዓይን ያጭበረብራል።