አልቆም ያለው ልብስ ማድረቂያ

እዚህ ሜሪላንድ ቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ልብስ ማድረቂያ ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ሲሽከረከር ቆየ። በሩን ስከፍት ይቆማል፤ ዘግቼ ሳስነሳው ይቀጥላል። የጠረጠርኩት ሰዓት መቁጠሪያውን ነበር፤ አዲስ ልገዛም ተነስቼ ነበር። ባለቤቴ ግን «ልብሱ እኮ አሁንም እርጥብ ነው» ስትለኝ እጄን አስገብቼ ዳሰስኩ፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው!

ነገሩ የተገለጠልኝ ያኔ ነው። በደቂቃ በሚቆጥረው ዙር 20 ደቂቃ ስሞላለት በሰዓቱ ቆመ፤ ስለዚህ መቁጠሪያው ጤነኛ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ባለ ማዞሪያ አሮጌ ማሽን አውቶማቲክ በሚለው ዙር መቁጠሪያው ወደፊት የሚሄደው ቴርሞስታቱ ሙቀቱ ሲበቃ ማሞቂያውን ሲያቋርጥ ብቻ ነው። ሙቀት ከሌለ ቴርሞስታቱ አያቋርጥም፤ መቁጠሪያው ባለበት ይቀራል፤ ሞተሩ ግን መዞሩን አይተውም።

ማሞቂያው 240 ቮልት ይፈልጋል፤ ሞተሩ ግን በ120 ይዞራል። ከሁለቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች አንዱ ብቻ ቢቋረጥ ሞተሩ እየዞረ ሙቀቱ ሊጠፋ ስለሚችል፣ አስቀድሜ የማሽኑን ጥንድ ብሬከር (የመብራት ማቋረጫ) አጥፍቼ መልሼ አበራሁት። ለውጥ የለም። ከዚያ ሶኬቱን ነቅዬ የኋላ ክዳኑን ፈታሁ (ሳይነቅሉ መክፈት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ)። የማሞቂያው ጥቅልል ሽቦ ተበጥሷል። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስለካውም 10 ኦም ገደማ ማሳየት ሲገባው መስመሩ የተቋረጠ ነው።

በማሽኑ የሞዴል ቁጥር ተመሳሳዩን ማሞቂያ ገዝቼ ቀየርኩ። አየር ሲታፈን ሽቦው ከልክ በላይ ስለሚግል፣ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ቱቦም ከታጨቀበት የልብስ ብናኝ አጸዳሁ። ማታ ፎጣዎቹን ከተትኩ፤ ሲደርቁ ራሱ ቆመ።