«ዛሬም ጾም ነው እንዴ?» ያለ ሥጋና ቅቤ ስናበስል የምንሠራቸው ስህተቶች

«እማዬ፣ ዛሬም ጾም ነው እንዴ?» ይለኛል ልጄ የድስቱን ክዳን ከፍቶ እያየ። ቀኑ ሰኞ ነው፤ የተጣደው ምስር ወጥ ነው። የመጀመሪያው ስህተት የእኔው ነበር። ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበትን ሁሉ «የጾም» እያልኩ አሳደግኩት፤ ጾም ደግሞ በልጅ ጆሮ የክልከላ ቃል ነው። «ምስር ወጥ ሠርቻለሁ» ማለት ከጀመርኩ ወዲህ ግማሹ ማኩረፍ ቀርቷል። ለነገሩ ደሴ ውስጥ ይህ ምግብ ሌላም ጸጋ አለው። ሥጋ ሲሆን የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ለየብቻ ይታረዳል፤ ሽሮና ጎመን ላይ ግን «ማን አረደው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ከነልጆቿ ሳትሳቀቅ ከመሶባችን የምትቀርበው በዚህ ምግብ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ጥራጥሬን ሳይዘፈዝፉ መጣድ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ድስቱ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ ባቄላውም ሽምብራውም እንደ ጠጠር ይቆያል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ከእኔ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትኖራለች፤ ከአንድ ጆንያ የተካፈልነው ሽምብራ እሷ ጋ ቀድሞ ይበስላል። እኔ ለዓመታት የምወቅሰው የከሰሉን ጥራት ነበር! ማታ ዘፍዝፉት፤ ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ጣዱት። ከሰል ይተርፋል፣ ሆድም አይነፋም።

ቅቤ የቀረበትን ወጥ በዘይት መካስ ደግሞ በየቤቱ ያለ ነው። ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ ይጨመርና ወጡ ጣዕም አጣ ይባላል። ጣዕሙ ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። የተከተፈውን ሽንኩርት በደረቁ ጣዱት፤ ውሃውን ጨርሶ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉት፤ እንደገና ሲይዝ እንደገና ጠብ። ቀላ ሲልም በርበሬው ይግባና ቀስ ብሎ ይቁላላ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ይከተል። ዘይቱ ሁለት ሦስት ማንኪያ ቢሆን ይበቃዋል። ይህን ሁሉ የሚያበላሸው ችኮላ ነው፤ ከሥራ መልስ ሲሆን እኔም እቸኩላለሁ።

ሽሮን በየቀኑ ብቻውን ማቅረብም ያሰለቻል። ከጎኑ ቆስጣ ወይም ቀይ ሥር ቢቀመጥ ትሪው መልክ ይኖረዋል። ጎመንን በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋትም ብክነት ነው፤ ቫይታሚን ሲው አብሮ ይፈስሳል።

አሁን ወደማይወደደው ልምጣ፤ ቡናችን። ምስርና ጎመን ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነታችን የሥጋውን ያህል በቀላሉ አይወስደውም። ቡናና ሻይ ይባሱን ይይዙታል፣ ሎሚ ግን ያግዘዋል። አዚፋ ላይ ሎሚ መጭመቅ ከጣዕምም በላይ ጥቅም አለው። ወሎ ላይ ቡና ተዉ ብዬ ከሰው አልጣላም፤ አቦሉ ከማዕድ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ግን ቶናና በረካው የትም አይሄድም።

ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ለሚርቅ ቤተሰብ «እህልና ጎመኑ ይበቃል» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ቫይታሚን ቢ12 ከእነዚህ አይገኝም። በእንክብል ወይም ቫይታሚኑ በተጨመረበት ምግብ መተካት አለበት፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ካሉ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማማከር ነው።

የመጨረሻው ጓያ የሚባለው ጥራጥሬ ነው። በ1989 ዓ.ም. ገደማ ድርቅን ተከትሎ እዚሁ ወሎ ውስጥ በደላንታ ዳውንት ከ2000 በላይ ሰዎች በጓያ ምክንያት የእግር ሽባነት ደርሶባቸዋል። አደጋው የሚብሰው ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው፤ በተለይ ንፍሮው፣ ቆሎውና እሸቱ። ርካሽ ስለሆነም ከሽሮ እህል ጋር ይደባለቃል። የተፈጨ ሽሮ ስትገዙ ምን እንደገባበት ጠይቁ። እኔ አተሩንና ሽምብራውን ራሴ ለቅሜ፣ ወፍጮ ቤት ወስጄ፣ ቆሜ ነው የማስፈጨው።