እንጦጦን በሁለት ጎኑ በብስክሌት መውጣት፦ ከስድስት ኪሎ እስከ ሱሉልታ የአንድ ቀን ጉዞ

ይህ መመሪያ እንጦጦን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ያስወጣዎታል። መጀመሪያ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ በኩል እስከ እንጦጦ ማርያም፣ ከዚያ ወርደው በአዲሱ ገበያ በኩል በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ደርሶ መልስ። ድምሩ ከ55 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሜዳ አገር ሰው ቀላል ርቀት ይመስላል። ነገር ግን ስድስት ኪሎ ራሱ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ እንጦጦ ማርያም ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ቀኑን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የጉልበት ማነስ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ መቸኮል ነው።

ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን ለዓመት በዓል የመጡ ከሆነ በደረሱ ማግስት አይሞክሩት። ቢያንስ አራት አምስት ቀን ከተማው ውስጥ ይራመዱ፣ አንድ ሁለት ጊዜም ሜዳ ሜዳውን ይንዱ። መንገድ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር አንድ ላይ ከመጡ መድኃኒቱ ወዲያው መውረድ ነው።

ቀኑን መምረጥ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። በሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ መንገዱ ላይ የረገፈው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ ሲርስ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በኅዳርና ታኅሣሥ አየሩ ጥርት ይላል፣ ጠዋቱ ግን ጣት ያደነዝዛል፤ ጓንት ይያዙ።

ቀን ሲቆርጡ የወሩን ቀን ይመልከቱ። ወር በገባ በ1 ራጉኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም ነው። የሦስቱም አብያተ ክርስቲያናት እንጦጦ ላይ ስላሉ በእነዚህ ቀናት መንገዱ በምዕመናንና በታክሲ ይሞላል። ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ከሆነ ቅዳሜን ይምረጡ። ሳይበሉ ይህን ዳገት መውጣት ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ማስተዋልንም ይወስዳል፤ ቁልቁለቱ ላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ማስተዋሉ ነው።

ብስክሌቱ

በመጀመሪያ ማርሹ። ከፔዳሉ ጋር ያለው ትንሹ ክብ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ጎማው ጋር ያለው ትልቁ ደግሞ 34 ጥርስ ከሆነ፣ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማውም አንድ ዙር ይዞራል፤ ይህም 2.1 ሜትር ገደማ ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞሩ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ለእንጦጦ የሚበቃዎት ይህ ወይም ከዚህ የቀለለ ማርሽ ነው። ከተማው ውስጥ የሚሸጡት ብዙዎቹ የተራራ ብስክሌቶች ከፊት 22 ጥርስ ስላላቸው ለዚህ ይመቻሉ። ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ጥርስ ያለው የድሮ የውድድር ብስክሌት ግን በዚያው አዟዟር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠይቃል። ያን ፍጥነት ዳገቱ ስለማይፈቅድልዎት አዟዟርዎ ወደ 40 ይወርዳል፤ ያኔ ሸክሙ ሁሉ ጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል።

ከጉዞው በፊት ባለው ቀን የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስተው ፔዳሉን እያዞሩ ካቴናውን ወደ ትልቁ የኋላ ጥርስ ያስገቡት። ያለ ጫጫታ መግባትና እዚያው መቆየት አለበት። ጥርሱን አልፎ ወደ ራጂው (የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች) የሚያዘነብል ከሆነ ሳያስተካክሉ አይውጡ። ዳገት ላይ ሙሉ ጉልበትዎን ባሳረፉበት ቅጽበት ካቴናው በጥርሱና በራጂው መካከል ቢወድቅ ራጂ ይቆርጣል፣ ጎማውም ባለበት ይደርቃል።

ቀጥሎ ፍሬኑ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። መያዣውን በሙሉ ኃይል ሲጨብጡት ከመሪው ጋር መነካካት የለበትም፤ ቢያንስ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቅር። ቸርኬውን (ጎማው የሚገጠምበትን የብረት ክብ) የሚይዝ ፍሬን ከሆነ የፍሬን ጎማው ላይ ያሉትን ስንጥቆች ይመልከቱ፤ አልቀው ከጠፉ ይቀይሩት። የፍሬን ጎማው የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ብቻ መሆኑንም ያረጋግጡ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ከወጣ የመኪና ጎማ እንደሚበላ ድንጋይ የብስክሌቱን ጎማ ጎን እየፋቀ ቁልቁለቱ መሐል ያፈነዳዋል። ቸርኬውን በጨርቅ ይወልውሉት። የፍሬን ጎማው ላይ የተሰካ ጠጠር ወይም የብረት ፍርፋሪ ካለ በመርፌ ነቅለው ያውጡ፤ ካልወጣ ቸርኬውን ያርሰዋል።

የጎማ ነፋስ ለተራራ ብስክሌት ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ ይበቃል። የካላማደሪያው (ነፋሱን የሚይዘው የውስጥ ጎማ) ቫልቭ እንደ መኪና ወፍራም ከሆነ ማንኛውም ጎሚስታ ይነፋልዎታል። ኮምፕረሰሩ የትንሽ ጎማ ነፋስ በሰከንዶች ስለሚሞላ ግን ጠቅ ጠቅ እያደረገ እንዲነፋ ይንገሩት። ቫልቭዎ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ማቀባበያ ካልያዙ ጎሚስታ አይረዳዎትም።

በቦርሳ የሚያዘው

ሁለት ካላማደሪያ፣ የእጅ መንፊያ፣ ሦስት የጎማ ማውለቂያ፣ ማስቲሽ፣ ብርጭቆ ወረቀትና መለጠፊያ፣ ለብሎኖቹ ልክ የሆኑ ቁልፎች፣ መታወቂያ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ አንድ ጋዜጣ። ሄልሜት የሌለው ሰው ይህን ጉዞ አይጀምር።

ውሃ ሁለት ሊትር ይዘው ይነሱ፤ ሱሉልታ ላይ ይሞሉታል። በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር መጠጣት ያስፈልጋል። ለስንቅ ከበሶ የሚሻል አላገኘንም። በግማሽ ሊትር ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ማርና ቁንጥጫ ጨው ያድርጉና በደንብ ይምቱት። ሌሊት በጥብጠው ካሳደሩት ስለሚቦካ ጠዋት ቢበጠብጡት ይሻላል። ቀሪውን ሙዝ፣ ዳቦና ጥቂት ጭኮ ይሙላው። ቆሎ ለእረፍት እንጂ ለዳገት አይሆንም፤ እያለከለኩ ሲያላምጡት ትን ይላል።

የመጀመሪያው ዳገት

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከስድስት ኪሎ ይነሱ። ከዩኒቨርሲቲው በር ወደ ሰሜን፣ የአሜሪካን ኤምባሲን አልፎ እስከ ሽሮ ሜዳ ያለው መንገድ ቀስ እያለ ይወጣል። ሰውነትዎን የሚያሟሙቁት እዚህ ነው። አብሮዎት ካለ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ማውራት መቻል አለብዎት። ካልቻሉ ይቀንሱ፤ ዋናው ገና አልመጣም።

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ጋ ሲደርሱ፣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ቀላሉን ማርሽ ያስገቡ። ጉልበት ሙሉ በሙሉ ፔዳሉ ላይ ካረፈ በኋላ ማርሽ መቀየር ካቴናውን ያስጨንቃል፤ ወይ ይንጓጓል፣ ወይ ይበጠሳል። ከዚህ እስከ ማርያም ያለው 4 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል፤ በየ100 ሜትሩም 10 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ከሄዱ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ይህ ጥሩ ፍጥነት ነው።

ኮርቻው ላይ ወደ ፊት ጠጋ ብለው ይቀመጡ፣ ክርንዎን ላላ ያድርጉ፣ መሪውን አይጨምድዱ። በየአምስት ደቂቃው ለአሥራ አምስት ሃያ የፔዳል ዙር ብቻ ቆመው ጀርባዎን ያሳርፉ። ቆሞ መንዳት የልብ ምትን ስለሚያንር እዚህ ከፍታ ላይ ረጅም ጊዜ አያዋጣም። ጥቁር ጭስ የሚተፋ አውቶቡስ ሲቀድምዎት ጉልበት አይጨምሩ፤ ጭሱ እስኪበተን ቀስ ይበሉ።

ከቆሙ በኋላ እንደገና መነሳት ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው። እንዲህ ያድርጉ፦ መኪና አለመኖሩን ከኋላም ከፊትም አይተው ብስክሌቱን በዳገቱ ላይ አግድም ያዙሩት። ሁለቱንም ፍሬን ይያዙ። የሚነሱበትን እግር ፔዳል ወደ ላይና ትንሽ ወደ ፊት ያምጡት። ፔዳሉን ረግጠው ሲጫኑት ፍሬኑን ይልቀቁ፤ ሁለተኛው እግር ፔዳሉን ካገኘ በኋላ ብቻ ወደ ዳገቱ ያዙሩ። መግፋትም ነውር የለውም፤ 200 ሜትር ገፍቶ ተንፍሶ መቀጠል ልብን ከማፈንዳት ይሻላል።

በዚህ መንገድ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ያገኛሉ። ሸክሙ ጀርባቸው ላይ አግድም ስለሚተኛ ከመንገዱ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ዞር ሲሉ ደግሞ ጫፉ አብሮ ይዞራል። ደወል አያስደንግጧቸው። ቅድሚያው የእነሱ ነው፤ ቆመው ያሳልፏቸው።

ቁልቁለቱ

ማርያም ግቢ አጠገብ ሲደርሱ ከመቀዝቀዝዎ በፊት ጃኬቱን ይልበሱ፣ ጋዜጣውን አጥፈው ከደረትዎ ላይ ከልብሱ ሥር ያስገቡት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ማርያም ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊትም ኑሮው ወደ ፍልውሃ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ የእንጦጦ ብርድና የማገዶ እጥረት ከምክንያቶቹ ውስጥ ይጠቀሳሉ። በላብ የራሰ ሰው በፍጥነት ሲወርድ ይህ ብርድ አጥንት ይገባል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን አይዝም።

ሲወርዱ ፍሬኑን ያለማቋረጥ እየጎተቱ አይሂዱ። ቸርኬው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ካላማደሪያው ይተላለፋል፣ ጎማውም ሊፈነዳ ይችላል። ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይልቀቁ፣ እንደገና ይያዙ። ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነትዎን ይጨርሱ፤ መታጠፊያው ውስጥ መያዝ ያንሸራትታል። መቀመጫዎን ወደ ኋላ ያድርጉ፤ ሲታጠፉ የውጭኛው እግር ታች ይሁን። ግማሽ መንገድ ላይ ሰፊ ቦታ ፈልገው ይቁሙና ከጠርሙስዎ አንድ ጠብታ ውሃ ቸርኬው ላይ ያድርጉ። ቺስ ካለ አሥር ደቂቃ ያርፉ። በጣት አይንኩት፤ ዲስክ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ውሃም አያፍስሱበት፤ ሊጣመም ይችላል።

ሁለተኛው ዳገትና ሱሉልታ

ከስድስት ኪሎ በአፍንጮ በር ወደ ሰሜን ማዘጋጃ፣ ከዚያ አዲሱ ገበያ። ጉልበትዎ ከደከመ ጉዞውን እዚህ ያብቁ፤ የመጀመሪያው ዳገት ብቻውን ሙሉ ጉዞ ነው። ለመቀጠል ከወሰኑ ከሱሉልታ የመጡ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቀው ይነሱ፤ ብቻዎን ግን አይሂዱ።

ይህ ዳገት ከሽሮ ሜዳው ይለዝባል፤ ከባዱ ነገር መኪናው ነው። ከሙገርና ከደርባ በኩል የሚመጡት የሲሚንቶ ተሳቢዎች በዚሁ ይመላለሳሉ። በተሳቢና በመንገዱ ዳር መካከል በፍጹም አይግቡ፤ ሲታጠፍ ተጎታቹ ወደ ውስጥ ይጠጋል። የአስፋልቱ ጠርዝ የተቦረቦረ ስለሆነ ከጠርዙ አንድ ሜትር ገባ ብለው በቀጥታ ይንዱ።

የተራራው አናት ላይ አንድ ደቂቃ ይቁሙ። ከኋላዎ የሚዘንበው ውሃ በአቃቂ ወደ አዋሽ፣ ከፊትዎ የሚዘንበው በሙገር ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳሉ። ሜዳው ላይ ነፋስ ስላለ ከጓደኛዎ ጋር በየሁለት ኪሎ ሜትሩ እየተቀያየሩ አንዱ ለሌላው ይከልል። ውሻ ከተነሳ አይሩጡ፤ ይውረዱና ብስክሌቱን በመካከላችሁ አድርገው ረጋ ብለው ያልፉ።

ምሳ ሽሮ ወይም ፓስታ ይሁን። ጥሬ ሥጋውን ለማታ ያቆዩት፤ የመልሱ ዳገት ከሆድዎ ጋር ይጣላል። ከቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ሱሉልታ ካልገቡ ካሉበት ይመለሱ፤ 7 ሰዓት ላይ ደግሞ የመልስ ጉዞ መጀመር አለበት።

ጎማ ከተነፈሰ

ካላማደሪያውን ከመቀየርዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣትዎ ቀስ ብለው ዙሪያውን ይዳብሱ። እሾኩ ወይም ሽቦው እዚያው ካለ አዲሱም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይተነፍሳል። መለጠፍ ካለብዎት ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው ማስቲሹን በስሱ ይቀቡ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቀው እጅ ላይ የማይጣበቅ ሲሆን መለጠፊያውን ይጫኑት። ቶሎ የሚላቀቀው እርጥቡ ላይ የተለጠፈው ነው።

ከሱሉልታ ሲመለሱ እግር ስለሚቀዘቅዝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች በቀላል ማርሽ ይንዱ። ባት ከተሸማቀቀ ወርደው ይዘርጉት፣ ጨው ያለበት ውሃ ይጠጡ። ከአናቱ ወደ አዲሱ ገበያ ከመውረድዎ በፊት ፍሬኑን እንደ ጠዋቱ እንደገና ይፈትሹ፤ አንድ ቁልቁለት የወረደ የፍሬን ጎማ ስለሚያልቅ ገመዱን አንድ ሁለት ዙር ማጥበቅ ሳያስፈልግ አይቀርም።