መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሳሳተው ቪዲዮ አውራጅ፣ እንዲህ ተስተካከለ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው የምኖረው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይነሳል። ፒንችፍላት የተባለው ቪዲዮ አውራጅ ፕሮግራምም የምከታተላቸውን የዩቲዩብ ቻናሎች እያየ ማውረዱን ይቀጥላል። ቪዲዮዎቹ ግን ውጫዊው ሃርድ ዲስክ ላይ የሉም፤ ትንሿ የውስጥ ዲስክ ጢም ብላ ሞልታለች።

ምክንያቱን አገኘሁት። ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ሊኑክስ ሲነሳ የዲስክ ስም ሊቀያየር ይችላል፤ ኤስዲቢ የነበረው ኤስዲሲ ሆኖ ይመጣና በድሮ ስሙ የተመዘገበው ሳይገናኝ ይቀራል፣ ፒንችፍላትን የሚያስኬደው ዶከር ደግሞ ይህን ሳያጣራ ዲስኩ ሊገናኝበት የነበረው ባዶ ፎልደር ላይ፣ ማለትም የውስጥ ዲስኩ ላይ ይጽፋል።

ብሎክአይዲ በሚለው ትዕዛዝ የዲስኩን ዩዩአይዲ፣ ማለትም የማይቀያየር መለያውን አወጣሁና፣ ሲነሳ የሚገናኙት ዲስኮች በሚመዘገቡበት ኤፍኤስታብ ፋይል ላይ በስሙ ፈንታ አስገባሁት። እዚያው መስመር ላይ ኖፌይል የሚለውን አማራጭ ማስገባት አትርሱ፣ አለበለዚያ ዲስኩ ያልተሰካ ቀን ማሽኑ በትክክል አይነሳም። ዋናው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ለዶከር ባለው የሰርቪስ ፋይል ላይ፣ ዩኒት በሚለው ክፍል ስር፣ ሪኳየርስ ማውንትስ ፎር ብዬ ዲስኩ የሚገናኝበትን ፎልደር አድራሻ ጻፍኩ። አሁን ዲስኩ ካልተገናኘ ዶከር አይነሳም።

በስህተት የወረዱት ፋይሎች ዲስኩ ሲገናኝ ከስሩ ተሸፍነው አይታዩም። ዶከርን አቁማችሁ፣ ዲስኩን አንማውንት አድርጋችሁ (ከፎልደሩ አላቅቃችሁ) ፎልደሩን ክፈቱት፤ እዚያው ታገኟቸዋላችሁ።