ከፐርማፍሮስት የወጣ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ሳይቤሪያ፣ አላስካና የካናዳው ዩኮን ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት ያልቀለጠ አፈር አለ፤ ፐርማፍሮስት ይባላል። በውስጡ የተቀበረው የባክቴሪያ ዲኤንኤ ቦታው ድሮ ረግረግ ይሁን ደረቅ ሜዳ ሊጠቁመን ይችላል። ናሙናው ግን አመለኛ ነው።

ፒሲአሩ ምንም አላወጣም

ፒሲአር ዲኤንኤን አባዝቶ የሚያሳይ የላብራቶሪ ዘዴ ነው። ባዶ ቢመጣም ዲኤንኤ የለም ለማለት አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከበሰበሰ ዕፅዋት የሚመጣው ሂዩሚክ አሲድ ነው፤ ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ኢንዛይም ያግደዋል። ናሙናውን አቅጥናችሁ ድገሙት፤ እምቢ ካለ እንደገና አጣሩት።

የሰው ቆዳ ባክቴሪያ ሞልቶበታል

ከእጅ፣ ከመሰርሰሪያው ወይም ከላብራቶሪው ኬሚካል የገባ ነው። ያለ ፈሳሽ ሰርስሩ፣ የውጭውን ሽፋን ልጣችሁ ጣሉ፣ አፈር የሌለበት ባዶ ናሙናም አብራችሁ መርምሩ። በ2011 የታተመ የዩኮን ጥናት ብልህ ዘዴ ነበረው። ተመራማሪዎቹ ኢ. ኮላይ የተባለ፣ እንዲያበራ የተደረገ ባክቴሪያ ናሙናው ላይ ከውጭ ረጩና ወደ ውስጥ መዝለቁን ፈተሹ። በ30,000 ዓመቱ አፈር ያገኟቸው አንቲባዮቲክ የሚቋቋሙ ጂኖች የዛሬ ብክለት አይደሉም ሲሉ የታመኑት በዚህ ነው።

ዲኤንኤው ረጅምና ጤነኛ ነው

ይህ የሚያስደስት ሳይሆን የሚያጠራጥር ነው። ያረጀ ዲኤንኤ ይቆራረጣል፤ ጫፉ ላይ ሳይቶሲን የተባለው የዲኤንኤ ፊደል ታይሚን የተባለ ሌላ ፊደል ሆኖ ይነበባል። ይህ ጉዳት ከሌለ ወይ ብክለት ነው፣ ወይ ባክቴሪያው እስካሁን በሕይወት አለ። በ2007 የወጣ ጥናት ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው አፈር ውስጥ ዲኤንኤውን የሚጠግን ባክቴሪያ ምልክት አግኝቷል።

ሁሉም ናሙና “ብርድና ረሃብ” ብቻ ይላል

ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። አፈሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ደካሞቹ ሞተው ብርድ የሚችሉት ቀርተዋል። አንዳንዶቹ ከዜሮ በታችም ቀስ እያሉ ይኖራሉ። ስለዚህ የምታነቡት የድሮውን ሜዳ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣውን የበረዶ ኑሮ ሊሆን ይችላል።

የሕያዋኑን ከሙታኑ ለዩ። ፒኤምኤ የሚባል ማቅለሚያ ሽፋኑ ከተቀደደ፣ ማለትም ከሞተ ሕዋስ ዲኤንኤ ጋር ተጣብቆ እንዳይባዛ ያደርገዋል። ማቅለሚያው ያለበትንና የሌለበትን አወዳድሩ። ሥራውን የሚሠራው በብርሃን ስለሆነ ጭቃ ውስጥ ይለግማል፤ አስቀድማችሁ ሕዋሶቹን ከአፈሩ ለዩ።

ከዚያ ባክቴሪያውን ብቻውን አትመኑት። ሚቴን ጋዝ የሚያመርቱት አርኪያ (ከባክቴሪያ የተለዩ ጥቃቅን ሕያዋን) ከበዙ ውሃ የተኛበት ቦታ ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን የዕፅዋት ዲኤንኤም ረግረጉን ይመስክር። ተክል በረዶ ውስጥ ተቀብሮ አይበቅልምና። በ2022 ከሰሜን ግሪንላንድ ይፋ የሆነው የ2 ሚሊዮን ዓመት ዲኤንኤም የደኑን መልክ የሳለው በዛፎችና በእንስሳት ነው።

ስፖር የሚሠሩት ጠፉ

ስፖር ባክቴሪያ ክፉ ጊዜን ለማለፍ የሚያንቀላፋበት ቅርጽ ነው። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ኬሚካል ብቻ አይሰብረውም። ናሙናውን ከጥቃቅን ዶቃ ጋር አናውጡት።